ከካራማራ እስከ ቶጎ ውጫሌ፦ መድረክ፣ ስደትና “ዜጋ” የሚል ስም

ጅጅጋ በኢትዮጵያ የቴአትር ታሪክ ውስጥ ስሟ እምብዛም አይነሳም። ሆኖም የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዚያ ቀደም ሲል የዚህች ከተማ ገዥ ነበሩ። የከተማዋ መሃል ዛሬም ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች ተከፋፍሎ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1916 ገደማ እሳቸው ባስወጡት ፕላን ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ጅጅጋ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ግመላቸውን የሚያጠጡባት ማረፊያ ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1893 ሲያልፍባት ያገኘው የውኃ ጉድጓዶች፣ በእንጨት አጥር የተከበበ ምሽግና 25 ወታደሮችን ብቻ ነው።

ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው በባዕድ አገር ያደጉ ሰው ነበሩ። ከአድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወሰዱ፤ እዚያ ተማሩ፣ የመድፈኛነት ሙያም ቀሰሙ። ሲመለሱ አገራቸውን እንደ ተወላጅም እንደ እንግዳም የሚያዩ ሰው ሆነው ነው። አዲስ አበባ ላይ “ቴአትር ነው” ተብለው ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ቅር አሰኛቸው፤ ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት ብለውም “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ”ን ጻፉ። በተረት እንስሳት አፍ የሹማምንቱን ምግባረ ብልሹነት የሚያጋልጥ ሥራ ነበር። መኳንንቱ አዩት፤ ቤተ መንግሥቱ ግን አልወደደውም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፣ ቴአትርም ለዓመታት ዝም አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ደራሲው እንደገና ተሰደዱ፤ ረጅሙን የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት ማዳጋስካር ውስጥ ነው።

ይህ አጀማመር ልብ ሊባል ይገባዋል። ተውኔቱ በሰው አፍ ሊናገረው ያልቻለውን ለመናገር የአውሬ ቆዳ ለበሰ። ከሐረር ተነስቶ እስከ ሶማሌላንድ ድንበር በሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳር የሚገኘው የመድረክ ታሪክ በአብዛኛው እንዲሁ ነው። “ማን ነህ? ከየት ነህ? የማን ነህ?” ለሚሉት ጥያቄዎች ፊት ለፊት መመለስ ሲያስፈራ መልሱ ተሸፋፍኖ ወደ መድረክ ይወጣል። ሽፋኑን ማውለቅ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አገሩን መልቀቅ ነበረበት።

ከሐረር ጅጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ባቢሌን ካለፈ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ወደቀ አልወደቀ የሚያሰኝበት የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳው እዚህ ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ያለውን ቆሎጂን ግን ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፋሉ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በተነሳው ግጭት ከኦሮሚያ የተፈናቀሉ ሶማሌዎች የሰፈሩበት ሜዳ ነው። ከመካከላቸው በኦሮሚያ ከተሞች ተወልደው ያደጉ፣ ከሶማልኛ ይልቅ ኦሮምኛ የሚቀናቸው ሰዎች ነበሩ። “ወደ ክልላችሁ” ተብለው የተላኩበት ክልል ለእነርሱ አዲስ አገር ነው። ከወሰኑ ማዶም በተመሳሳይ ሁኔታ ከሶማሌ ክልል የወጡ ኦሮሞዎች “ወደ ክልላቸው” ተልከዋል። ወገንን መሬት ላይ በተሰመረ መስመር መለየት ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ካራማራን ይወጣና በማርዳ በር በኩል ወደ ጅጅጋ ሜዳ ይወርዳል። ካራማራ ለአማርኛ አንባቢ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ድል ነው፣ ፉከራ ነው። ለብዙ ሶማሌዎች ግን ያው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በአውሮፓውያኑ ዓመት “ሰባ ሰባት” ተብሎ የሚታወስ የመፈናቀልና የስደት መጀመሪያ ነው። አንድ ተራራ ሁለት ዓይነት ለቅሶና ሁለት ዓይነት ዘፈን ተሸክሞ ቆሟል።

ይህን ጦርነት ከሰው ገላና ከጾታ ጥያቄ ጋር አስተሳስረው የጻፉት ሶማሌው ደራሲ ኑረዲን ፋራህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባይደዋ ቢወለዱም ያደጉት በሶማሌ ክልል ደቡብ፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለችው ቀላፎ ነው፤ አማርኛንም በትምህርት ቤት ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት “ማፕስ” ማለትም “ካርታዎች” በተባለው ልቦለዳቸው አስካር የሚባል ወላጅ አልባ ሕፃን በኦጋዴን መንደር ውስጥ ሚስራ በምትባል ከደጋው አገር በመጣች ሴት እጅ ያድጋል። ልጁ ገላው የት አብቅቶ የእርሷ የት እንደሚጀምር አያውቅም። እንደ ሴት የወር አበባ ያየ ይመስለዋል፤ ውስጤ ሴት አለች ብሎ ያምናል። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር “ወይ ይህ ወይ ያ” ይሆናል፦ ወይ ወንድ ወይ ሴት፣ ወይ ሶማሌ ወይ ሐበሻ፣ ወይ ታማኝ ወይ ከሃዲ። ያሳደገችው ሴት በክህደት ተወንጅላ ትጠፋለች። የመጽሐፉ ጥንካሬ የአገር ካርታና የጾታ ድንበር በአንድ እጅ እንደተሰመሩ ማሳየቱ ላይ ነው፤ አንዱን የሚጠራጠር ሰው ሌላውንም መጠራጠሩ አይቀርም።

ኑረዲን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምረው በስደት የኖሩ ሰው ናቸው። ተውኔትም ጽፈዋል፤ “ዩሱፍና ወንድሞቹ” እ.ኤ.አ. በ1982 ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ ከተማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው “ሃይዲንግ ኢን ፕሌይን ሳይት” በተባለው ልቦለዳቸው ደግሞ ባሏን ትታ ከሌላ ሴት ጋር የምትኖር እናት አለች። ደራሲው ጉዳዩን እንደ ቅሌት አላራገቡትም። ልጆች ያሏት፣ ሐዘን የደረሰባት፣ ልክም ስህተትም የምትሠራ ሰው አድርገው ነው ያቀረቧት። በሶማሌ ምድር አድጎ ስሙ በዓለም ከታወቀ ጸሐፊ ይህ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በማይለየው ሜዳ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሶማሌ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1936 ጣልያን ያዛት፤ በ1941 እንግሊዝ ያዛት፤ በ1948 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ በ1977 የሶማሊያ ጦር ገባባት፤ በ1978 ኢትዮጵያ መልሳ ያዘቻት። እዚያው ቤቱ ተወልዶ እዚያው ቤቱ ያረጀ ሰው በ42 ዓመት ውስጥ ባንዲራ አምስት ጊዜ ሲቀየር አይቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ “የየት አገር ሰው ነህ?” የሚለው ጥያቄ እንደ ተራ ሰላምታ አይቆጠርም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በፖለቲካ ቀውስ መካከል የተነሳ ሁከት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ለዓመታት ከተማዋን ከተማ ያደረጉ የሌላ ብሔር ተወላጆች ሱቃቸው ተዘርፎ ሸሹ። ከእነርሱ መካከል ሶማልኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ ነበሩ። ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ወገን እንደማያደርግ ያን ቀን ታየ።

መድረክ ሲባል መጋረጃና ወንበር ያለው አዳራሽ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ጸሐፊና የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ለወራት ተቀምጦ የዛር ቤት ሲከታተል ነበር። ያየውን “ቴአትራዊ ገጽታ” ብሎ በ1958 በመጽሐፍ አወጣው። ዛር የወረደባት ሴት የዛሩ “ፈረስ” ትባላለች። ዛሩ ወንድ ከሆነ ድምፅዋ ይወፍራል፣ ትፎክራለች፣ የወንድ ልብስ ትጠይቃለች፤ ባሏም ጎረቤቷም በአክብሮት ይሰሟታል። ይኸው ሥርዓት በሶማሌዎች ዘንድ ሳር ወይም ሚንጊስ እየተባለ ይታወቃል፤ ከበሮ አለው፣ ዕጣን አለው፣ ቡና አለው። አማርኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ሴቶች ቋንቋ ሳይገናኙ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ወንድ ሆነው ተነሥተዋል ማለት ነው። ይህን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ነው ብሎ መተርጎም ስህተት ይሆናል፤ የሥርዓቱ ባለቤቶችም አይሉትም። ግን ጾታ ለአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደሚችልና ማኅበረሰቡም ይህን ለመቀበል ወግ እንደሠራለት ያሳያል። ጧት ሲሆን ሴትየዋ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች።

በዘመናዊው ቴአትርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሰላማዊት ገብረሥላሴና አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ነቀፌታውን ችለው ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ “የሐርጌሳ ወንድማማቾች” በተባለው ቡድን ዙሪያ የተስፋፋው የሶማልኛ ቴአትር፣ በቋንቋው “ሪዋያድ”፣ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር። ሻሽ አስረው እንደ ሙሽራ አንገታቸውን የሚደፉ ወንዶችን ተመልካቹ እያየ ያለቅስ፣ ይስቅ፣ ያጨበጭብ ነበር። ነውሩ ሴቷ በሰው ፊት መቆሟ ላይ ነበር፤ ወንዱ ሴት መሆኑ ላይ አልነበረም። የነውር ሚዛን ምን ያህል ሰው ሠራሽ እንደሆነ ለመረዳት ይህ ብቻ ይበቃል። ዛሬ እንደዚያ ለብሶ በመንገድ የሚሄድ ሰው የሚገጥመውን አንባቢ ያውቀዋል።

ከጅጅጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ወደ አውበሬ ይወስዳል። ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል የነበረችው ይህች ጥንታዊ መንደር ስሟን ያገኘችው መቃብራቸው እዚያው ከሚገኝ ሼክ ነው። ከድንበሩ ማዶ ቦረማ አለች። የሶማሌ ዘመናዊ ዘፈን የተወለደው በዚህ አካባቢ ነው፤ ያመጣውም ምሁር ወይም መኮንን ሳይሆን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አብዲ ዴቅሲ፣ በቅጽል ስሙ አብዲ ሲኒሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ሲቸገር ያንጎራጎረው አጭር የፍቅር እንጉርጉሮ “በልዎ” ተባለ፤ ቃሉ መከራ ማለት ነው። በልዎ በጭነት መኪና ላይ እየተሳፈረ ከተማ ከተማውን ዞረ። ሼኮች አወገዙት፤ ወንድና ሴት አንድ ላይ ተቀምጠው ማዜማቸው አስቆጣቸው። ኸዲጃ በልዎ የተባለችው ሴት ከመጀመሪያዎቹ አቀንቃኞች አንዷ ሆና በዚያ ሁሉ ውግዘት መካከል ዘፈነች። ስሟን ከዘፈኑ ጋር አጣብቃ መኖሯ ድፍረቷን ይመሰክራል።

ከበልዎ “ሄሎ” የተባለው ረጅም ዜማ፣ ከሄሎ ደግሞ በዘፈን የተሞላው ሪዋያድ ወጣ። ኡድ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ከዘፈኑ ጋር ያዋሐዱት፣ የሶማሌ ሙዚቃ አባት የሚባሉት አብዱላሂ ቀርሼ የተወለዱት በታንጋኒካ ሞሺ ከተማ ነው፤ ሙዚቃውን የለመዱት ኤደን ነው፤ ያረፉትም ለንደን ነው። ብዙ ጊዜ “ንጹሕ ባህላችን” ተብሎ የሚጠበቀው ነገር ሲመረመር እንዲህ የስደተኛ እጅ ይገኝበታል።

የቦረማው ተወላጅ ሐሰን ሼክ ሙሚን እ.ኤ.አ. በ1968 “ሸቤል ናጎድ” የተሰኘውን ተውኔት ሞቃዲሾ ላይ አቀረቡ፤ “የሴቶች ነብር” ማለት ነው። በሐሰት ጋብቻ ሴቶችን እያታለለ የሚተው ወንድ ታሪክ ነው። ተመልካቹ የሚያውቀውን ሰው ስም ሳይጠራ በነብር ስም አየው፤ እዚህም አውሬ ሰውን ሸፈነ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በአንጄየቭስኪ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ሐሰን ሼክ ሙሚን የሶማሌላንድን መዝሙርም ጽፈዋል፤ ሕይወታቸው ያለፈው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስሎ ውስጥ ነው።

ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ሌላ ታሪክ ይዟል። ቀብሪ በያህና ከእርሷ ራቅ ብላ ያለችው ሐርቲሼክ ግመልና ፍየል የሚረባበት የሐውድ ሜዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ ሕዝቡ በእግሩ ወደዚህ ሜዳ ፈለሰ። ሐርቲሼክ ውስጥ በአንድ ወቅት 250,000 ያህል ሰው ተጠልሎ ስለነበር በዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ እስከ መባል ደርሳ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ከሸሹት መካከል ዘፋኞች፣ ኡድ ደርዳሪዎችና ተዋንያን ነበሩ፤ የሐርጌሳ ቴአትር ቤት በድብደባው ፈርሷልና። ገጣሚዎቹ ሐድራዊና ጋሪዬ ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው ከዚያድ ባሬ ተቃዋሚዎች ጋር ተቀላቅለው ነበር። በሞቃዲሾ ሳሉ በፍቅር ግጥም ተሸፍነው የሚናገሩትን እዚህ በግልጽ ተናገሩት። ያገራቸውን እውነት ለመናገር ካገራቸው ጋር ጦርነት ገጥሞ የነበረውን አገር መጠለያ ማድረጋቸው የዚህ ድንበር ትልቁ እንቆቅልሽ ነው።

ዘፈንና ተውኔቱ ራሱ ተሰደደ። የሬዲዮ ሐርጌሳ ካሴቶችና ሪሎች ከፊሉ ከቦምብ እንዲተርፉ መሬት ተቆፍሮ ተቀበሩ፣ ከፊሉ ድንበር አቋርጠው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተወሰዱ። ሰው ልጁንና ውኃውን ይዞ በሚሸሽበት ሰዓት ካሴት መሸከም ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ ሐርጌሳ የሚገኘው የቀይ ባሕር የባህል ተቋም ከ10,000 በላይ ካሴቶችን ሰብስቦ ይጠብቃል። ከእነዚህ ቅጂዎች የተመረጡ ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2017 “ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ” በሚል አልበም ወጥተው ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል።

ቀብሪ በያህ እ.ኤ.አ. በ1991 የተከፈተ ጣቢያ ነው፤ እስካሁን ሰው ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 አውበሬ፣ በ2008 ደግሞ ሸደር ተከፈቱ፤ የመጡት ከደቡብና መካከለኛው ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ናቸው። በሶማሌ ስደተኞች መካከል “ቡፊስ” የሚባል ቃል አለ። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ መጓጓትንና ጉጉቱ ሰውን ይዞ ሲያብሰለስለው የሚያመጣውን ሕመም ሁለቱንም ይገልጻል። ሰውዬው ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ልቡ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ደግሞ “ታህሪብ” ይመጣል፤ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወይም በየመን ባሕር ላይ የሚደረገው ጉዞ። ጅጅጋ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል።

ከሚሰደዱት መካከል የሚሰደዱበትን ምክንያት ለማንም ያልተናገሩ ሰዎች አሉ። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ከድንበሩ ማዶም እ.ኤ.አ. የ1962ቱ የሶማሊያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 409 ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል፤ ሶማሌላንድም ይህንኑ ሕግ ትጠቀማለች። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለችው የድንበር ከተማ ቶጎ ውጫሌ ከጅጅጋ የምትርቀው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ድንበሩን መሻገር ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ትርፍ ያመጣል፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ምንም አይለውጥም። ከሕጉ በላይ የሚከብደው ደግሞ ዘመድ ነው። በጎሳና በቤተሰብ ዋስትና በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከዘመድ መገለል ማለት ያለ ካሳ፣ ያለ መጠለያና ያለ ቀባሪ መቅረት ማለት ነው። ውጭ አገር የተወለዱ ወጣቶች እንኳ “ባህላቸውን ስተዋል” ሲባል “ደቀን ኤሊስ” ተብሎ፣ ማለትም ወደ ባህላቸው እንዲመለሱ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወደ ሶማሌ ከተሞች ይላካሉ። እንዲህ ያለ ጉዞ ወደ አገር መመለስ ይባላል፤ ለተላከው ልጅ ግን ሌላ ስደት ነው።

ምክንያቱን ደብቆ የተሰደደ ሰው አውሮፓ ሲደርስ ሌላ መድረክ ይጠብቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ በፍቅር ዝንባሌና በጾታ ማንነት ሳቢያ የሚደርስ ማሳደድ የጥገኝነት ምክንያት እንደሚሆን አጽንቷል። ጠያቂው ግን ማንነቱን ማሳመን አለበት። ዕድሜ ልኩን ሲደብቀው የኖረውን ነገር በአስተርጓሚ በኩል፣ ምናልባትም ያገሩ ልጅ በሆነ አስተርጓሚ ፊት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዘርዝሮ እንዲናገር ይጠየቃል። ድምፁ ከተቆራረጠ ይዋሻል ይባላል፤ ካልተቆራረጠ አጥንቶት መጣ ይባላል። አንዳንድ አገሮች የግል ገላን የሚመለከት ማስረጃ እስከ መቀበል በመድረሳቸው የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ይህን ከለከለ። ዛር ቤት ያለች ሴት የሌላ ሰው ሚና ስትጫወት የምትታመነውን ያህል ይህ ሰው የራሱን ሚና ሲጫወት አይታመንም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥነ ጽሑፍ ነው። ዲርዬ ኦስማን ሞቃዲሾ ተወልዶ፣ ናይሮቢ አድጎ፣ ለንደን የገባ ጸሐፊና ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው “ለጠፉ ልጆች የተጻፉ ተረቶች” የተሰኘው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ሶማሌም፣ ሙስሊምም፣ ወንድ አፍቃሪም ሆኖ መኖርን ይተርካል፤ በማግስቱ ዓመት የፖላሪን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። መጽሐፉን ያሳተመው ቲም አንጀሊካ የተባለው ድርጅት በጸሐፌ ተውኔቱና በአዘጋጁ በሪኪ ቢድል ብሌር የሚመራ ነው፤ ከቴአትር ቤት የወጣ ማተሚያ መሆኑ ነው። የመጽሐፉ ስም ተረት መሆኑም ከአካባቢው ወግ ጋር ይገጥማል። የጠፋ ልጅ ታሪክ በተረት ሲነገር አድማጭ ያገኛል፤ ያለ ተረት ሲነገር ግን ልጁ ይወገዛል።

ከአማርኛ ተናጋሪዎች በኩልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸው ወንዶች ራሳቸውን “ዜጋ” ብለው ይጠሩ እንደነበር ጥናቶች መዝግበዋል። ይህን ቃል የመረጠ ሰው አዝኖ እንደመረጠው መገመት ይቻላል። ሕጉም ጎረቤቱም “ከእኛ አይደላችሁም” ሲላቸው እነርሱ ለስማቸው ያነሱት የአገር ባለቤትነትን ቃል ነው፤ ያውም ማንም ሳይሰማ በሹክሹክታ። በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለመብት ማኅበራቸው “ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ” የሚል ስም ሰጥተዋል። ጉራማይሌ በድድ ላይ እየተፈራረቀ የሚነቀስ ውቅራት ነው፤ ተቀላቅሎ ያማረ ነገርም ይባልበታል። ሁለቱም ስሞች ከአማርኛ ሆድ የወጡ ናቸው። ይህን ጉዳይ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ቢያንስ እነዚህን ሁለት ቃላት ቆም ብለው ሊያዳምጧቸው ይገባል።

በሁለቱ ሕጎች ጥላ ስር ስለዚህ ሕይወት በግልጽ ተውኔት ጽፎ ማሳየት ለደራሲውም ለተዋናዩም አደጋ ነው። ኪሳራው የእነርሱ ብቻ አይደለም። የሹማምንትን ብልግና በአውሬ፣ የአታላይ ባልን ነውር በነብር፣ የአገርን ቁስል በፍቅር ዘፈን የነገረ ቴአትር፣ ሰው ከቤቱ ለምን እንደሚሰደድ ከሚጠይቁት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ለይቶ ዘሎ ካለፈ ጥያቄውን ሙሉ አላደረገውም።

መንገዱ የሚያልቀው ቶጎ ውጫሌ ላይ ነው። ገመድ፣ ኬላ፣ የተደረደሩ የጭነት መኪኖች፣ በሁለት ገንዘብ የሚገበያዩ ሴቶች አሉ። ከዚህ ወደ ሐርጌሳ የሄዱትና ከዚያ ወደዚህ የመጡት ተዋንያንና ድምፃውያን በአብዛኛው አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ ወይም በድሬዳዋ ቤቱ የድሮ ሪዋያድ ካሴት ያለው ሰው አይጣለው፤ ያረጀ ተዋናይ በጎረቤቱ ያለ ወጣትም ስልኩን አውጥቶ ይቅረጸው። ሴት ሆነው የተጫወቱትን ወንዶች፣ ተወግዘው የዘፈኑትን ሴቶች፣ ለምን እንደሄዱ ሳይናገሩ የሄዱትንም ይጠይቅ። የሚነግሩትን ሳይቆርጥ ይመዝግብ።